“የሕግ ሰው” ሳንታንዴር፦ ከአንድ ኮሎኔል ሞት እስከ አንድ የሥልጣን ርክክብ

ማርች 26 ቀን 1825 ቦጎታ ዋና አደባባይ ላይ ሊዮናርዶ ኢንፋንቴ የሚባል ኮሎኔል ተረሸነ። ጥቁር ነው፣ የቬንዙዌላ ሜዳ ፈረሰኛ ነው፣ ለነፃነት ሲዋጋ ቆስሎ የሚያነክስ አርበኛ ነው። ከዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የዛሬዎቹን ቬንዙዌላን፣ ኮሎምቢያን፣ ኢኳዶርንና ፓናማን በአንድ ያቀፈችው ሪፐብሊክ መሰንጠቅ ጀመረች። ሁለቱን የሚያገናኝ ክር አለ። የክሩን ጫፍ የያዘው ደግሞ በዚያ ዘመን አገሪቱን በተግባር ሲመራ የነበረው ምክትል ፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ሳንታንዴር ነው።

ስለ ደቡብ አሜሪካ ነፃነት ሲወራ ወሬው ሁሉ የሲሞን ቦሊቫር ነው። ይገባዋል፣ አልከራከርም። ግን ጦርነት ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ካሸነፉ በኋላ ደሞዝ መክፈል፣ ግብር መሰብሰብ፣ ፍርድ ቤት ማቆም፣ ትምህርት ቤት መክፈት፣ “እኔ ባልዋጋ አገር አይኖርም ነበር” የሚሉ ጄኔራሎችን ልክ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ይህን አድካሚ ሥራ ለዓመታት የተሸከመው ሳንታንዴር ነበር። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሰውየው ሕግን ከልቡ ያከብር ነበር፣ ሕጉ ጠላቱን ሲመታለት ደግሞ የበለጠ ያከብረው ነበር። ያም ሆኖ ሕጉ በራሱ ላይ ሲዞር አልካደውም። ሁለቱንም አብረን ካላየን ሰውየውን አናውቀውም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1792 ከቬንዙዌላ ድንበር አጠገብ፣ ኩኩታ አካባቢ፣ ቪያ ዴል ሮሳሪዮ በምትባል ከተማ ነው። ቤተሰቡ ካካዎ የሚያለማ፣ ደህና ኑሮ ያለው ነበር። በልጅነቱ ወደ ቦጎታ ተላከና ሳን ባርቶሎሜ ኮሌጅ ገብቶ ሕግ መማር ጀመረ። በ1810 ከተማዋ በስፔን ላይ ስትነሳ ገና 18 ዓመቱ ነው። መጽሐፉን አስቀምጦ ጦር ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። አርበኞቹ ገና ከስፔን ሳይገላገሉ “ማዕከላዊ መንግሥት ይሻላል፣ ፌዴሬሽን ይሻላል” ብለው እርስ በርስ ተዋጉ። በ1816 የስፔኑ ጄኔራል ሞሪዮ መጥቶ ሁሉንም ጠራርጎ መታቸው፣ የተማሩትን መሪዎችም በየአደባባዩ ረሸናቸው። የተረፉት ወደ ምሥራቁ ሰፊ የሣር ሜዳ ሸሹ። እዚያ ያለው ሕዝብ ያኔሮ ይባላል፤ ፈረስ ላይ ውሎ ፈረስ ላይ የሚያድር፣ በጦር የሚዋጋ ከብት አርቢ ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የኋላው ጠብ ዘሩ የተዘራው እዚህ ነው። የሸሹት አርበኞች ሳንታንዴርን አዛዥ አድርገው ሾሙት። ያኔሮዎቹ ግን አልተቀበሉትም። የከተማ ልጅ ነው፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ ከዚያም በላይ ቬንዙዌላዊ አይደለም። በምትኩ ከመካከላቸው የወጣውን ሆሴ አንቶኒዮ ፓኤዝን መረጡ። ሳንታንዴር ሥልጣኑን ለቀቀ። 24 ዓመቱ ነው። ፈረስ የሚጋልብ ሁሉ ሥልጣን የሚነጥቅበትን ዓለም በዓይኑ አየ፣ የተነጠቀውም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ “ሕግ፣ ሕግ” ሲል የኖረው በመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ ይዞ አይመስለኝም።

በ1818 ቦሊቫር ካሳናሬ ወደሚባለው የሜዳው ክፍል ላከው። ሳንታንዴር የተበታተኑ ሽፍቶችንና ስደተኞችን ሰብስቦ ሥርዓት ያለው ጦር አደረጋቸው። በ1819 ክረምት ቦሊቫር ያን ዝነኛ ጉዞ ሲያደርግ፣ በጎርፍ የተሞላውን ሜዳ አቋርጦ ፒስባ በሚባለው ብርዳም ከፍታ የአንዲስን ተራራ ሲሻገር፣ መንገዱን ከፊት የመራው የሳንታንዴር ጦር ነበር። ኦገስት 7 ቀን በቦያካ ድልድይ ስፔኖች ተሸነፉ፣ ቦጎታ ነፃ ወጣች። ቦሊቫር እዚያ ብዙም አልቆየም። ሴፕቴምበር 20 ቀን ወደ ቬንዙዌላ ሲመለስ ኒው ግራናዳን፣ ማለትም የዛሬዋን ኮሎምቢያ፣ እንዲያስተዳድር ሳንታንዴርን ምክትል ፕሬዚዳንት ብሎ ትቶት ሄደ። ዕድሜው 27።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያደረገው ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ ተከትሎታል።

ቦያካ ላይ የስፔን ጦር አዛዥ ኮሎኔል ሆሴ ማሪያ ባሬይሮ ከመኮንኖቹ ጋር ተማርኮ ነበር። 38 ገደማ ናቸው። ቦሊቫር እስረኛ እንለዋወጥ ብሎ ለስፔኑ ገዥ ጥያቄ ልኮ ነበር፣ መልስ አልመጣም። ኦክቶበር 11 ቀን ሳንታንዴር ሁሉም እንዲረሸኑ አዘዘ። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ፍርድ የለም። በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አደባባዩ ወጡ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ተመለከተ። ከተመልካቾች አንዱ የተቃውሞ ቃል ተናገረ ተብሎ እዚያው ከሟቾቹ ጋር ተደረበ። ሲያበቃ ሳንታንዴር ለሕዝቡ ንግግር አደረገ፣ ከዚያም በሙዚቃ ታጅቦ ከተማዋን ዞረ።

ምክንያት አቅርቧል። ጠባቂ ወታደር አነስተኛ ነው፣ እስረኞቹ ከውጭ ካሉ ደጋፊዎቻቸው ጋር እየተሻረኩ ነው፣ ስፔኖችስ በ1816 የእኛን ሰዎች ስንት አድርገው ጨረሱ አለ። የመጨረሻው እውነት ነው። የጦርነቱም ጭካኔ የሁለቱም ወገን ነበር። ግን አደባባይ ላይ ሙዚቃ ማስመታቱን የሚያስረዳ ምክንያት የለም። “የሕግ ሰው” የሚለውን ስም ባየሁ ቁጥር ያ ቀን አብሮ ይመጣብኛል።

በ1821 የኩኩታው ጉባኤ ለአዲሲቷ ኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት አወጣ። ቦሊቫር ፕሬዚዳንት፣ ሳንታንዴር ምክትል ሆነው ተመረጡ። ቦሊቫር ግን ቢሮ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ ጦሩን ይዞ ወደ ኪቶ፣ ከዚያ ወደ ፔሩ ወረደ። ስለዚህ ከ1821 እስከ 1826 መገባደጃ መንግሥቱ ሳንታንዴር ነው። ጦርነት የሀገር ነፃነት ሰጣችሁ፣ ሕግ ደግሞ የሰውን ነፃነት ይሰጣችኋል የሚል ይዘት ያለው አባባሉ ዛሬም ቦጎታ ውስጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶቹ ባሉበት የፍትሕ ቤተ መንግሥት ፊት ላይ ተጽፎ ይነበባል።

የሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ትናንሽ ገዳማትን ዘግቶ ንብረታቸውን ለትምህርት የሚያውለውን የ1821 ሕግ ሥራ ላይ አዋለና በቱንሃ፣ በሜዴዪን፣ በካሊ ኮሌጆች ተከፈቱ። በ1824 ብሔራዊ ሙዚየምና የማዕድን ትምህርት ቤት ቦጎታ ላይ ተመረቁ። አሜሪካ በ1822 ዕውቅና ሰጠች፣ እንግሊዝ በ1825 ውል ፈረመች። ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነፃ ነው የሚለው የ1821 ሕግም የዚያው ጉባኤ ነው፤ ልጁ ግን እስከ 18 ዓመቱ ለእናቱ ጌታ እያገለገለ ይቆያል፣ እናትየዋም ባሪያ እንደሆነች ትቀራለች። ባርነት በኒው ግራናዳ ጨርሶ የቀረው 1852 ሲገባ ነው፣ ሳንታንዴር ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ።

በዚህ ሁሉ መሃል ቦሊቫር ከደቡብ ደብዳቤ ያዘንባል። ወታደር ላክ፣ ገንዘብ ላክ፣ ፈረስ ላክ፣ ቶሎ። ሳንታንዴር የቻለውን ላከ፣ ብዙም ላከ። ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ሕጉ ከፈቀደልኝ እልካለሁ፣ ካልፈቀደልኝ ኮንግረሱን ልጠይቅ። ፔሩ ላይ ከስፔን ዋና ጦር ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። በጁላይ 1824 ደግሞ ኮንግረሱ ለቦሊቫር የተሰጠውን ልዩ ሥልጣን አንስቶ የኮሎምቢያን ጦር ከእጁ አወጣ። ትዕዛዙ ለቦሊቫር ጄኔራል ለሱክሬ ተላለፈ፤ በዲሴምበር 9 ፔሩ ውስጥ አያኩቾ ላይ ስፔንን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈውም ሱክሬ ነው። ቦሊቫር የዚህ ሕግ ጀርባ ላይ የሳንታንዴር እጅ አለ ብሎ ቂም ቋጠረ።

ሌላው ቁስል የ1824ቱ የለንደን ብድር ነው። ጎልድሽሚት ከሚባል የለንደን የገንዘብ ቤት 4.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደሩ። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፤ ብድሩ ግን በ85 በመቶ ዋጋ ስለተሸጠ እጃቸው የገባው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ዕዳው ግን ሙሉ ነው። ለድርድር የተላኩት አሩብላና ሞንቶያ ነጋዴዎችና የሳንታንዴር ወዳጆች ነበሩ። በ1826 የገንዘብ ቤቱ ከስሮ ሲዘጋ የኮሎምቢያ ገንዘብም እዚያው ሰጠመ። ከተማው ሁሉ “ምክትሉ በላው” ማለት ጀመረ፣ ቦሊቫርም ሳይቀር ይህን አራገበ። ሳንታንዴር ራሱ እንደሰረቀ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ገንዘብ ላይ ጥብቅ፣ እያንዳንዷን ሒሳብ የሚጽፍ ሰው ነበር። ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ለወዳጆቹ መስጠቱ ጥፋት ነው፣ ያም ጥፋት ብዙ አስከፈለው።

አሁን ወደ ኢንፋንቴ እንመለስ።

በ1824 ቦጎታ ውስጥ ሳን ቪክቶሪኖ በሚባለው ሰፈር ፔርዶሞ የሚባል መቶ አለቃ ተገድሎ ተገኘ። ኢንፋንቴ የዚያ ሰፈር ነዋሪ ነው። ኃይለኛ ነው፣ ሰው ይፈራዋል፣ ጎረቤት አይወደውም። ጥርጣሬው ወዲያው እሱ ላይ አረፈ። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ተከፋፈሉ። አንዱ ሞት ይላል፣ ሌላው እስር ይላል፣ ሌላው ነፃ ይውጣ ይላል። ተጨማሪ ዳኛ ተጠርቶ ሞት ላይ ሲጨምር “አብላጫው ሞት ነው” ተባለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሚጌል ፔኛ፣ እሱም ቬንዙዌላዊ፣ “ይህ አብላጫ አይባልም፣ በሰው ነፍስ እንዲህ አይፈረድም” ብሎ ፍርዱ ላይ አልፈርምም አለ።

ፔኛ ልክ ነበር ወይ? የድምፅ አቆጣጠሩን ካየን ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ለመንግሥት ወገን ግን ዳኛ አልፈርምም ማለቱ ራሱ የሕግ ጥሰት ሆኖ ታየ። ሴኔቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ ለአንድ ዓመት ከሥራ አገደው። ኢንፋንቴ እስከ መጨረሻው “አልገደልኩም” እንዳለ ተረሸነ። ሳንታንዴር በፈረስ መጣና ሬሳው ሳይነሳ ለወታደሮቹ ንግግር አደረገ፦ መሣሪያ የተሰጣችሁ ዜጋን ለመጠበቅ ነው፣ በሕጉ ላይ የተነሳ የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን መጨረሻው ይህ ነው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

እሱ በዚያ ሰዓት የሚናገረው ለፓኤዝና ለፓኤዝ መሰሎች ይመስለኛል። በ24 ዓመቱ ሥልጣኑን ለነጠቁት ፈረሰኞች። ቬንዙዌላ ላይ ያለው ሰው ግን የሰማው ሌላ ነው። ቦጎታ ያሉ ጠበቆች የእኛን አርበኛ፣ ያውም ጥቁሩን፣ በአጠራጣሪ ፍርድ ገደሉት ብሎ ነው የሰማው።

ፔኛ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቬንዙዌላ ሄደ። በመንገዱ ካርታኼና ላይ ከብድሩ ገንዘብ 300 ሺህ ፔሶ ተረክቦ ካራካስ እንዲያደርስ ተሰጥቶት ነበር። ጥሩውን ገንዘብ ተረክቦ ዋጋው ያነሰ ገንዘብ አስረከበና ልዩነቱን ኪሱ ከተተ። ስለዚህ ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ኮንግረሱ ለዚህም ሊከሰው ተነሳ። ፔኛ ቫሌንሲያ የምትባል የቬንዙዌላ ከተማ ገብቶ የፓኤዝ ዋና አማካሪ ሆነ።

በ1826 መጀመሪያ ፓኤዝ ካራካስ ላይ ሰው በግድ ለሚሊሺያ አስመለመለ፣ ወታደሮቹ ከየመንገዱና ከየቤቱ እያፈሱ ወሰዱ ተብሎ ክስ መጣበት። ሴኔቱ ክሱን ተቀብሎ ከሥልጣኑ አግዶ ቦጎታ እንዲቀርብ አዘዘ። ፓኤዝ መጀመሪያ እሺ ያለ መስሎ ነበር። ግን ጆሮው ሥር ያለው ፔኛ ነው። ቦጎታ የሄደ ቬንዙዌላዊ ምን እንደሚገጥመው የኢንፋንቴ ነገር ገና አልተረሳም። በኤፕሪል መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ ሕዝብና ወታደር ተነስቶ ፓኤዝን ወደ ሥልጣኑ መለሰው። ይህ አመፅ ነው የሪፐብሊኳ መፍረስ መጀመሪያ። ቬንዙዌላ ለመገንጠል ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሯት፤ ርቀቱ፣ ግብሩ፣ ካራካስ የቦጎታ ታናሽ መሆኗ። ግን የሳንታንዴር ግትርነት ለአመፁ ብልህ የሕግ ሰው ከነቂሙ አስረከበው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ሳንታንዴርን ያሳዝናል፣ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ቦሊቫር ከፔሩ ተመለሰ። በኖቬምበር 1826 ቦጎታ ገባ፣ ብዙ ሳይቆይ ወደ ቬንዙዌላ ወጣ፣ በጃንዋሪ 1827 መጀመሪያ ላይ ፓኤዝን ምሕረት አደረገለት። ምሕረቱስ ይሁን፣ ጦርነት ያስቀራል። ግን የቬንዙዌላ የበላይ አዛዥ አድርጎም አጸናው። ሕጉን የጣሰው ተሸለመ፣ ሕጉን ያስከበረው ተወቀሰ። ለአምስት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ያቺን አገር የገነባ ሰው አንጀቱ ቢቆረጥ ምን ይገርማል? ከዚያም በላይ ቦሊቫር ለቦሊቪያ የጻፈውን ሕገ መንግሥት ኮሎምቢያ ላይ ማምጣት ፈለገ። ፕሬዚዳንቱ ዕድሜ ልኩን ይገዛል፣ ተተኪውንም ራሱ ይመርጣል የሚለውን ማለት ነው። ሳንታንዴር እዚህ ላይ “አይሆንም” ማለቱ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ነው ባይ ነኝ።

ነገር ግን እሱም ወዲያው ተሳሳተ። በጃንዋሪ 1827 ሊማ ያለው የኮሎምቢያ ጦር በቦሊቫር ሰዎች ላይ አመፀ፣ አዛዦቹን አሰረ። ወሬው ቦጎታ ሲደርስ ደወል ተደወለ፣ ሳንታንዴርም መንገድ ወጥቶ ከሚጨፍረው ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ። የፓኤዝ አመፅ ወንጀል ከሆነ ይህኛውስ? በዚያው ማርች ቦሊቫር ከእንግዲህ አልጻጻፍም ብሎ ቆረጠ። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

በኤፕሪል 1828 ኦካኛ በምትባል ከተማ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ጉባኤ ተቀመጠ። የሳንታንዴር ወገን በቁጥር ይበልጣል። የቦሊቫር ደጋፊዎች መሸነፋቸውን ሲያውቁ በጁን ጥለው ወጡ፣ ምልዓተ ጉባኤ ጠፋ፣ ስብሰባው ፈረሰ። ኦገስት 27 ቀን ቦሊቫር ሙሉ ሥልጣን ጠቅልሎ በያዘበት አዋጅ የምክትል ፕሬዚዳንትነቱ ቦታ ቀረ። ሳንታንዴር ወደ አሜሪካ መልእክተኛ ሆነህ ሂድ ተባለ። ተቀበለ፣ ግን አልሄደም ገና።

ሴፕቴምበር 25 ሌሊት ወጣት ምሁራንና መኮንኖች ቦሊቫርን ሊገድሉ ቤተ መንግሥቱን ሰበሩ። ፍቅረኛው ማኑኤላ ሳኤንዝ በመስኮት አስመለጠችውና በሯን ከፍታ ገዳዮቹን ፊት ለፊት ገጠመች። እሱ ድልድይ ሥር ተደብቆ አደረ። በነጋታው እስሩ ጀመረ፣ 14 ሰዎች ተገደሉ። ከነሱ አንዱ አድሚራል ፓዲያ ነው፣ የማራካይቦ ባሕር ኃይል ድል ጀግና፣ የጥቁር ዘር ያለው። ሴራው ሲጠነሰስ እስር ቤት ነበር፤ ሴረኞቹ ናቸው ሰብረው ያወጡት።

ሳንታንዴር ሴራ እንዳለ ያውቅ ነበር። ይህ ከምስክሮቹ ቃል ግልጽ ነው። መገደሉን አልደግፍም፣ ቢያንስ እኔ ከአገር እስክወጣ አይሆንም እንዳለም ምስክርነት አለ። ለመንግሥት ግን አላሳወቀም። የቦሊቫር ደጋፊ የሆነው ጄኔራል ኡርዳኔታ ብቻውን ዳኛ ሆኖ ኖቬምበር 7 ቀን ሞት ፈረደበት። ሳንታንዴር ማስረጃ የለም፣ ሥርዓቱ አልተጠበቀም፣ ሕጉ ይህን አይልም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ሁሉ ትክክል ነበር። ባሬይሮ ግን ይህን ለመከራከር አንድም ቀን አልተሰጠውም።

የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ፍርዱ ወደ ስደት ይለወጥ ብሎ መከረ፣ ቦሊቫርም እያረረ ተቀበለ። በዚያው ወር ለፓኤዝ የጻፈው ደብዳቤ አለ። በፒያርና በፓዲያ መገደል ተጸጽቻለሁ፤ የእነሱ ወገኖች ይህን ነጭ ከሞት አተረፈው፣ የእኛን ግን ገደለ ቢሉ ምን እመልሳለሁ የሚል ነው ሐሳቡ። ፒያር በ1817 ቦሊቫር ያስረሸነው ጄኔራል ነው፣ እሱም ነጭ አልነበረም። ኢንፋንቴን ጨምሩበት። የዚያች ሪፐብሊክ ሕግ የት ቦታ ጥርሱ እንደሚሰላ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሳንታንዴር ካርታኼና አጠገብ ቦካቺካ ምሽግ ውስጥ ለወራት ታሰረ፣ በ1829 ወደ አውሮፓ ተሸኘ። ሐምቡርግ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ጣሊያን እያለ ቲያትሩን፣ ሙዚየሙን፣ ምክር ቤቱን እየጎበኘ ማስታወሻውን ጻፈ። እሱ እዚያ እያለ አገሪቱ ተበታተነች። ቬንዙዌላና ኢኳዶር ለየብቻ ወጡ፣ ቦሊቫር በዲሴምበር 1830 ሞተ። በማርች 1832 የኒው ግራናዳ ጉባኤ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲመርጠው ኒው ዮርክ ነበር።

ተመልሶ በኦክቶበር ሥልጣን ያዘ። የዚህ ጊዜ ሥራው ትልቅ ጩኸት የለበትም። ጦሩን ቀነሰ፣ ሒሳቡን አስተካከለ፣ ትምህርት ቤቶችን አበዛ። የድሮዋ ሪፐብሊክ ዕዳ በ1834 ለሦስት ተከፈለ፤ ኒው ግራናዳ 50 በመቶ፣ ቬንዙዌላ 28.5፣ ኢኳዶር 21.5 ያዙ። ቬንዙዌላ ያነሰ ወሰደች የሚል ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት።

ጨካኙ ጎኑም አልጠፋም። በ1833 ጄኔራል ሆሴ ሳርዳ የሚባል በትውልድ ስፔናዊ የሆነ የቦሊቫር ደጋፊ የጠነሰሰው ሴራ ከመፈጸሙ በፊት ተያዘ። ከ40 በላይ ሰው ሞት ተፈረደበት። ሳንታንዴር ለብዙዎቹ ምሕረት አደረገ፣ 17ቱን ግን አስረሸነ። በ1819 ያልነበረው የፍርድ ሂደት አሁን ነበር፣ ይህ ለውጥ ነው። ግን እሱ ራሱ ሞት ተፈርዶበት በምሕረት ነፍሱ የተረፈው ገና ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። ሳርዳ ከእስር አመለጠ። በኋላ በተደበቀበት ቤት፣ ወዳጅ መስሎ የቀረበው መኮንን ገደለው።

የ1837 ምርጫ ሲመጣ ሳንታንዴር ተተኪው ጄኔራል ሆሴ ማሪያ ኦባንዶ እንዲሆን ፈለገ፣ በግልጽም ደገፈው። ኦባንዶ ላይ ግን በ1830 በሱክሬ መገደል እጁ አለበት የሚል ክስ ይናፈስ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው የሰለቸውም ብዙ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ሆሴ ኢግናሲዮ ዴ ማርኬዝ ሆነ፣ ጠበቃ፣ ሲቪል፣ ቀድሞ የሳንታንዴር ሰው የነበረ አሁን ግን የተቀያየመ። ከግማሽ በላይ ስላልሆነ ውሳኔው ለኮንግረሱ መጣ። እዚህ ላይ ሳንታንዴር ሰበብ አላጣም። ማርኬዝ በሥልጣን ላይ ያለ ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድለትም የሚል ክርክር ወዳጆቹ በእጃቸው ይዘው ነበር። ጦሩ የሱ ነው፣ ሹማምንቱ የሱ ናቸው፣ የአንጋፋነት ክብሩም የሱ ነው። ኮንግረሱ ማርኬዝን መረጠ።

ኤፕሪል 1 ቀን ሳንታንዴር ሥልጣኑን አስረክቦ ወጣ።

የዘመኑን አካባቢ ስናይ ይህ ምን ያህል ያልተለመደ እንደነበር ይገባናል። ቺሊ ላይ ኦሂጊንስ በ1823 በግፊት ሥልጣኑን ለቆ ከአገር ወጣ። ፓራጓይ ላይ ፍራንሲያ እስኪሞት ድረስ ብቻውን ገዛ። ቦነስ አይረስ በአምባገነኑ ሮሳስ እጅ ናት። ቬንዙዌላ ላይ ፓኤዝም በሕግ ከፕሬዚዳንትነት ወርዶ ነበር፣ ግን ተመልሶ የሚመጣው ፓኤዝ ነው። ሳንታንዴር ያስረከበው ለማይወደው ሰው ነው፣ እጩው ተሸንፎበት፣ ማስቀረት እየቻለ።

ቤቱ አልተቀመጠም። ለምክር ቤት ተመረጠና ተራ ተወካይ ሆኖ የማርኬዝን መንግሥት በንግግርና በጋዜጣ ይሞግት ጀመር። በጋዜጣ የጻፈው ብዙው መራራ ነው፣ አንዳንዱ ፍትሐዊ አይደለም። በ1839 ደቡብ ላይ የጀመረው አመፅ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ሲሰፋ ኦባንዶ መሣሪያ አነሳ። ሳንታንዴር ምክር ቤቱ ውስጥ ነው።

በማርች 1840 እዚያው ምክር ቤት ኮሎኔል ኤውሴቢዮ ቦሬሮ ተነስቶ የሳርዳን ደም ፊቱ ላይ አነሳበት። የ1833ቱን ግድያዎች፣ በድብቅ ቤት የሆነውን ነገር። ሳንታንዴር ለመመለስ ቆመ፣ ብዙ ተናገረ፣ ግን የጉበት ሕመም ነበረበትና ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ምክር ቤቱ አልተመለሰም። ሜይ 6 ቀን በ48 ዓመቱ ሞተ። ጦርነቱ ገና እየነደደ ነው። ማርኬዝ ግን እስከ ዘመኑ ማብቂያ በፕሬዚዳንትነት ቆየ፣ በ1841ም ሥልጣኑ በምርጫ ወደ ፔድሮ አልካንታራ ኤራን ተላለፈ።